ገደብ፣ ማለፍ፣ ማቋረጥ፦ «ታይምአውት» ለተባለው የኮምፒዩተር ቃል የአማርኛ ስያሜ ስለ መምረጥ

1. የጥያቄው መነሻ

በኮምፒዩተር ሙያ በየዕለቱ ከሚነገሩት የእንግሊዝኛ ቃላት አንዱ «ታይምአውት» ነው። ቃሉ አጭር ነው፤ ለተርጓሚ ግን ቀላል አይደለም። በአንድ ስም ሥር ሦስት የተለያዩ ነገሮች ተጠቅልለዋል፤ ይኸውም አንደኛ ለጥበቃ የተወሰነው የጊዜ ልክ፣ ሁለተኛ የዚያ ልክ ማለፍ፣ ሦስተኛ ልኩ ካለፈ በኋላ የሚወሰደው እርምጃ ነው። እንግሊዝኛው ሦስቱንም በአንድ ስም ጠርቶ አንባቢው ከአገባቡ እንዲለያቸው ይተወዋል። ወደ አማርኛ ሲመለስ «ጊዜው አልፏል» በሚል ሐረግ ብቻ የተተረጎመ እንደ ሆነ ግን፣ የማን ጊዜ እንዳለፈ፣ ማን ማንን ይጠብቅ እንደ ነበር፣ የተጀመረውስ ሥራ ቆመ ወይስ ቀጠለ የሚሉት ጥያቄዎች ሳይመለሱ ይቀራሉ።

የዚህ ጉድለት ዋጋ በገንዘብ የሚቈጠርበት ጊዜ አለ። ለምሳሌ ያህል አንድ ሰው በድረ ገጽ አማካይነት 1000 ብር ለዘመዱ ይልካል እንበል። ምላሹ ይዘገይና «ጊዜው አልፏል» የሚል ጽሑፍ ይወጣለታል። አማርኛ ተናጋሪ ይህን ሐረግ የሚያውቀው ከመድኃኒት ብልቃጥ፣ ከመታወቂያና ከመንጃ ፈቃድ ነው፤ ጊዜው ያለፈበት ነገር ማለት ለእርሱ ከእንግዲህ የማይሠራ ነገር ማለት ነው። ስለዚህ ገንዘቡ እንዳልተላከ ቈጥሮ እንደገና ይልካል። ያለፈው ግን የጠባቂው ፕሮግራም የትዕግሥት ልክ ነው እንጂ የገንዘቡ ትእዛዝ አይደለም፤ ትእዛዙ ባንኩ ዘንድ ደርሶ ተፈጽሞ ሊሆን ይችላል። እንደዚያ ከሆነ ከሒሳቡ 2000 ብር ይጐድላል።

ከዚህ በታች በመጀመሪያ የነገሩን አሠራር ለቋንቋ ባለሙያ በሚስማማ መንገድ እንገልጻለን፤ ቀጥሎም አማርኛ በግሥ እርባታው ምን ያህል እንደሚረዳን አይተን፣ በመጨረሻ የምንመርጣቸውን ስያሜዎች እናቀርባለን። የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

2. አሠራሩ በአጭሩ

የድረ ገጽ አሳሽ፣ ማለትም ብራውዘር፣ ገጽ ከማሳየት ሌላ በገጹ ውስጥ የተጻፉ ትእዛዞችን ይፈጽማል። እነዚህ ትእዛዞች የሚጻፉበት ጃቫስክሪፕት የተባለው የኮምፒዩተር ቋንቋ በ1995 በኔትስኬፕ ኩባንያ በብሬንደን አይክ ተሠራ። ትእዛዞቹ ገጹ ተከፍቶ ሳለ ከሩቅ ካለ ኮምፒዩተር፣ ማለትም ከሰርቨር፣ መረጃ ሊጠይቁ ይችላሉ። ለዚህ ተግባር ለረጅም ዘመን ያገለገለው መሣሪያ በ1999 ከማይክሮሶፍት ኢንተርኔት ኤክስፕሎረር 5 ጋር የወጣው ሲሆን፣ በሌሎች አሳሾች «ኤክስኤምኤል ኤችቲቲፒ ሪኩዌስት» በሚል ስም ተሠራበት። ከ2015 ጀምሮ ደግሞ «ፌች» የተባለው ትእዛዝ ወደ አሳሾች ገባ።

ጥያቄ ከተላከ በኋላ ከአራት ነገሮች አንዱ ይሆናል። ምላሽ ይመጣል፤ ወይም መስመሩ ይቋረጣል፤ ወይም ላኪው ሐሳቡን ለውጦ ጥያቄውን ያቋርጠዋል፤ ወይም ምንም ሳይሰማ ዝምታ ይሆናል። ገደብ የሚያስፈልገው ለዚህ ለአራተኛው ነው። ዝምታ ምክንያቱን አይናገርም፤ ሰርቨሩ ሥራ በዝቶበት ይሁን፣ መልእክቱ መንገድ ላይ ጠፍቶ ይሁን፣ ጠባቂው ሊያውቅ አይችልም። ስለዚህ ጠባቂው «እስከዚህ ድረስ ብቻ እጠብቃለሁ» ብሎ አስቀድሞ ይወስናል።

ልኩ የሚጻፈው በሚሊሰከንድ፣ ማለትም በሰከንድ አንድ ሺኛ ነው፤ 5 ሰከንድ ለማለት 5000 ይጻፋል። እዚህ ላይ ተርጓሚ ሊጠነቀቅለት የሚገባ ነገር አለ። በቀድሞው መሣሪያ ገደቡ 0 ነው ሲባል ገደብ የለም፣ ያለ ልክ ጠብቅ ማለት ነው። ኋላ በመጣውና ከዚህ በታች በምንገልጸው «አቦርት ሲግናል ታይምአውት» በተባለው ትእዛዝ ግን 0 ማለት ምንም ሳትጠብቅ ወዲያው አቋርጥ ማለት ነው። ቁጥሩ አንድ ሆኖ ፍቺው ተቃራኒ ስለሆነ፣ መመሪያ የሚተረጉም ሰው ዜሮውን እንዳለ ከመገልበጥ ይልቅ ፍቺውን በቃል ቢጽፈው ይመረጣል።

3. ሦስቱ ደረጃዎች፦ መተው፣ ማቋረጥ፣ መሻር

ፌች ሲወጣ የራሱ የጊዜ ገደብ አልነበረውም፤ ዛሬም በስሙ የተሰየመ እንዲህ ያለ አማራጭ የለውም። ከዚህ የተነሣ የፕሮግራም ጸሐፊዎች ጥያቄውን ከሰዓት ጋር ማሽቀዳደም ለመዱ። ለዚህም «ፕሮሚስ ሬስ» የተባለው ትእዛዝ አገለገላቸው። ፕሮሚስ ማለት ገና ላልደረሰ ውጤት የቆመ ወኪል ነው፤ ሬስ ደግሞ ከብዙ ፕሮሚሶች መካከል ቀድሞ የደረሰውን ተቀብሎ የቀሩትን ችላ ይላል። በአንድ በኩል ጥያቄው፣ በሌላ በኩል ከ5000 ሚሊሰከንድ በኋላ የሚደውል ሰዓት ይሰለፋሉ። ሰዓቱ የቀደመ እንደ ሆነ ፕሮግራሙ ጥበቃውን ይተዋል። ዳሩ ግን የተሸነፈው ጥያቄ አልቆመም፤ መስመሩን እንደ ያዘ ይሄዳል፣ ምላሹም ዘግይቶ ሊደርስ ይችላል፤ የሚታጣው ተቀባይ ብቻ ነው። ይህን የመጀመሪያ ደረጃ «መተው» እንለዋለን።

በ2017 «አቦርት ኮንትሮለር» የተባለው መሣሪያ ወደ አሳሾች መግባት ሲጀምር ለፌችም ሁለተኛው ደረጃ ተቻለ። መሣሪያው ሁለት ክፍል አለው፤ አንዱ በፕሮግራሙ እጅ የሚቀረው ማቋረጫ ነው፤ ሌላው ጥያቄው ሲላክ ለአሳሹ የሚሰጠው ምልክት ነው። ማቋረጫው ሲነካ ምልክቱ ይበራል፤ አሳሹም መጠበቁን ትቶ ጥያቄውን ራሱን ያቋርጣል። ግንኙነቱ በኤችቲቲፒ 1.1 ከሆነ መስመሩን ይዘጋል፤ በኤችቲቲፒ 2 ከሆነ ደግሞ ሌሎቹን ጥያቄዎች ሳይነካ ያ አንዱ ብቻ እንዲቀር ለሰርቨሩ ይነግራል። አንድ ጊዜ የበራ ምልክት ተመልሶ አይጠፋም፤ ለሌላ ጥያቄ ሌላ ማቋረጫ ያስፈልጋል። በ2022 ሰዓቱንና ምልክቱን አንድ ላይ ያጣመረው «አቦርት ሲግናል ታይምአውት» በዋና ዋናዎቹ አሳሾች ተጨመረ። ይህ ሁለተኛው ደረጃ «ማቋረጥ» ነው።

ሦስተኛው ደረጃ ሰርቨሩ ያደረገውን ወደ ኋላ መመለስ፣ ማለትም «መሻር» ነው። ይህን ማንኛውም የአሳሽ ገደብ አያደርገውም። ነገሩን በምሳሌ ለማስረዳት፣ ደብዳቤ አስይዘን መልእክተኛ ላክን እንበል። እስከ እኩለ ቀን ጠብቀን ብንነሣ ጥበቃውን ተውን፤ መልእክተኛው ግን መንገዱን ይቀጥላል። ሌላ ሰው ልከን ከመንገድ ብናስመልሰው ጥያቄውን አቋረጥን። ደብዳቤው ደርሶ፣ ተነቦ፣ በተጻፈው መሠረት በሬው ተሽጦ ከሆነ ግን የመልእክተኛው መመለስ ሽያጩን አያፈርስም፤ ሽያጩን ለማፍረስ ሌላ ደብዳቤ ያስፈልጋል።

ስለዚህ «ጥያቄው ተሰርዟል» የሚለው ትርጉም፣ ምንም እንኳ ለጆሮ ቢጥም፣ አንባቢን ያሳስታል። መሰረዝ የተጻፈን እንዳልተጻፈ ማድረግን ስለሚያመለክት ሦስተኛውን ደረጃ ያስገምታል፤ የተደረገው ግን ሁለተኛው፣ ምናልባትም የመጀመሪያው ብቻ ነው።

4. የግሡ አዕማድ የሚሰጡን ጥቅም

ነባሩ የአማርኛ ሰዋስው ግሥን በአምስት አዕማድ እንደሚከፍል አንባብያን ያውቃሉ፤ እነርሱም አድራጊ፣ ተደራጊ፣ አስደራጊ፣ ተደራራጊና አደራራጊ ናቸው። ከ«ቆረጠ» ዘር የሚወጡት «አቋረጠ» እና «ተቋረጠ» ለጉዳያችን ሁነኛ መሣሪያ ናቸው። «አቋረጠ» ሲባል ድርጊቱን የፈቀደ ባለቤት አለ፤ «መስመሩ ተቋረጠ» ሲባል ግን ነገሩ የደረሰው ከጠባቂው ፈቃድ ውጭ መሆኑ ይሰማል። አርእስታቸውም በአንድ ፊደል ብቻ ይለያል፤ ማቋረጥና መቋረጥ። ከዚሁ ዘር የመሣሪያ ስም ማውጣት ሲያስፈልግ «ማቋረጫ» ያለ ምንም ጥረት ይገኛል፤ ስለዚህ «አቦርት ኮንትሮለር» ለተባለው «የማቋረጥ ተቆጣጣሪ» የሚል ረጅም ሐረግ መፍጠር አያስፈልግም። «አቋራጭ» ግን አጭር መንገድ ለሚለው፣ «ተቋራጭ»ም ለግንባታ ሥራ ተዋዋይ የተያዙ ስለሆኑ ብንተዋቸው ይበጃል።

ይህ ልዩነት በፕሮግራሙም ውስጥ አለ። ፌች ሳይሳካ ሲቀር የሚመልሰው የስሕተት ስም እንደ ምክንያቱ ይለያያል። ገደቡ አልፎ ከሆነ «ታይምአውት ኤረር»፣ ተጠቃሚው ራሱ ማቋረጫውን ነክቶ ከሆነ በተለምዶ «አቦርት ኤረር»፣ ግንኙነቱ ሳይሳካ ቀርቶ ከሆነ ደግሞ «ታይፕ ኤረር» ይባላል። የመጨረሻው ስም ቃል በቃል «የዓይነት ስሕተት» ተብሎ ቢተረጎም አንባቢው ምንም አይረዳም፤ ምክንያቱም ስሙ የተወሰደው ጃቫስክሪፕት ለሌላ ጕዳይ ካዘጋጀው የስሕተት ዝርዝር ነው። በአማርኛ ሦስቱ እንደ ቅደም ተከተላቸው «የጥበቃው ገደብ አለፈ»፣ «ጥያቄውን አቋርጠውታል»፣ «ግንኙነቱ አልተሳካም» ቢባሉ ማን ምን እንዳደረገ ግሡ ራሱ ይናገራል።

ሌላም ጥንቃቄ አለ። የሰርቨር ምላሽ ራስጌና አካል አለው፤ ፌች «ምላሽ ደረሰ» የሚለው ራስጌው እንደ መጣ ነው። አካሉ ገና በመንገድ ላይ ሊሆን፣ መካከል ላይም ሊቆም ይችላል። ፕሮግራሙ ራስጌውን አይቶ ሰዓቱን ያጠፋው እንደ ሆነ ለአካሉ ገደብ የሌለው ጥበቃ ይጀምራል። ስለዚህ «ደረሰ» እና «ተጠናቀቀ» በትርጉም ጽሑፍ ውስጥ አንዱ በሌላው ቦታ ሊገቡ አይገባም።

5. ማን ማንን ጠበቀ?

«ታይምአውት» ስም ስለሆነ ባለቤትና ተሳቢ አይጠይቅም። «ጠበቀ» የሚለው ግሥ ግን ሁለቱንም ይጠይቃል፤ የዚህም ጥቅም በኤችቲቲፒ የምላሽ ቁጥሮች ላይ ጐልቶ ይታያል። 408 የተባለው ቁጥርና 504 የተባለው ቁጥር በእንግሊዝኛ ስማቸው ውስጥ ሁለቱም «ታይምአውት» አለባቸው። 408 ማለት ሰርቨሩ አሳሹን ጠበቀ፣ ጥያቄው ግን በጊዜው ተሟልቶ አልደረሰውም ማለት ነው። 504 ማለት በመካከል የቆመ አገናኝ ሰርቨር ከበስተኋላው ያለውን ሰርቨር ጠበቀ፣ እርሱ ግን በጊዜው አልመለሰለትም ማለት ነው። አሳሹ በራሱ ገደብ ጥበቃውን ሲያበቃ ግን የምላሽ ቁጥር ከነጭራሹ የለም፤ ምክንያቱም ምላሽ አልመጣም።

ሦስቱን ሁሉ «ጊዜው አልፏል» ያለ ተርጓሚ ጠባቂውንና ተጠባቂውን አንድ አድርጓል። ለተጠቃሚው የሚሰጠው ምክር ግን ይለያያል። በመጀመሪያው ጥያቄው ተሟልቶ ስላልደረሰ እንደገና መላክ ይቻላል፤ በሁለተኛውና በሦስተኛው ግን ድርጊቱ ተፈጽሞ ሊሆን ስለሚችል አስቀድሞ ማጣራት ያስፈልጋል። በ2022 የወጣው የኤችቲቲፒ ደንብም በዚህ ረገድ ጥያቄዎችን ይለያል። መረጃ ለማንበብ ብቻ የሚላከው «ጌት»፣ እንዲሁም «ፑት» እና «ዲሊት» ቢደገሙም የታሰበው ውጤት አንድ ነው፤ «ፖስት» ግን ይህ ዋስትና የለውም። ገንዘብ የማዘዝ ጥያቄ አብዛኛውን ጊዜ በፖስት ይላካል።

6. ለ«ገደብ» የቀረቡ ሌሎች ቃላት

«ገደብ» ከ«ገደበ» የወጣ ነው፤ ውሃ የሚያግደው «ግድብ»ም የዚሁ ዘር ነው። ከመጠን እንዳያልፍ የሚያግድ ልክ ማለት ስለሆነ ለጉዳያችን ይስማማል። ይሁን እንጂ ሌሎች ሦስት ቃላት ሊታሰቡ ይችላሉና እንመዝናቸው።

«ቀነ ገደብ» በቢሮ ጽሑፍ የተለመደ ነው። በሚሊሰከንድ በሚለካ ጕዳይ ውስጥ ቀንን መጥራቱ አይስማማም። ከዚህም በላይ ቀነ ገደብ የሚያመለክተው የጊዜን ርዝመት ሳይሆን ጊዜው የሚያበቃበትን ነጥብ ነው። ይህ ልዩነት በተግባር ይታያል። አንድ ፕሮግራም ለእያንዳንዱ ሙከራ 5 ሰከንድ ፈቅዶ ሦስት ጊዜ ቢሞክር ጥበቃው 15 ሰከንድ ሊደርስ ይችላል። ለጠቅላላው ሥራ የተወሰነው 10 ሰከንድ ከሆነ ግን ሁለቱ ሙከራዎች ገደባቸውን ሲጨርሱ ሦስተኛው አይጀመርም። የመጀመሪያው ርዝመት፣ ሁለተኛው የማብቂያ ነጥብ ነው፤ በ2023 ወደ አሳሾች መግባት የጀመረው «አቦርት ሲግናል ኤኒ» ሁለቱን ዓይነት ምልክቶች አጣምሮ ቀድሞ የበራውን ያከብራል። ስለዚህ ለርዝመቱ «የጥበቃ ገደብ»፣ ለነጥቡ «ማብቂያ ሰዓት» ቢባል ይለያሉ።

«ይርጋ» ከሕግ ቋንቋችን የተገኘ ቃል ነው፤ ከ«ረጋ» የወጣ የሦስተኛ መደብ ትእዛዝ አንቀጽ ሆኖ ሳለ ስም ሆኗል። በ1960 በወጣው የኢትዮጵያ የፍትሐ ብሔር ሕግ መሠረት ውልን ለማስፈጸም የሚቀርብ ክስ በመርሕ ደረጃ በ10 ዓመት ይርጋ ይታገዳል። ቃሉ ያማረ ቢሆንም አቅጣጫው ሌላ ነው፤ በይርጋ የሚጐዳው ራሱ የዘገየው መብት ጠያቂ ነው፤ በእኛ ጕዳይ ግን ጠያቂው ፈጥኖ ጠይቆ የዘገየው ተጠያቂው ነው። «ቀጠሮ»ም አይሆንም፤ ቀጠሮ ሁለቱ ወገኖች የሚያውቁት ስምምነት ሲሆን፣ የአሳሹን ገደብ ግን ሰርቨሩ እንደ ደንቡ አይነገረውም። ገደቡ የጠባቂው የብቻው ውሳኔ ነው፤ «ጥበቃ» የሚለው ቃል በስያሜው ውስጥ እንዲገባ የምንፈልገውም ይህ እንዲታወቅ ነው።

7. የምንመርጣቸው ስያሜዎች

ከላይ በተሰጡት ምክንያቶች የሚከተሉትን እናቀርባለን።

ሀ) ታይምአውት፣ የጊዜውን ልክ ሲያመለክት፦ የጥበቃ ገደብ።
ለ) ታይምአውት፣ ክስተቱን ሲያመለክት፦ የጥበቃ ገደብ ማለፍ፤ በግሥ፣ የጥበቃው ገደብ አለፈ።
ሐ) ዴድላይን፦ ማብቂያ ሰዓት።
መ) አቦርት፣ በላኪው ፈቃድ ሲሆን፦ ማቋረጥ፤ ከፈቃድ ውጭ ሲሆን፦ መቋረጥ።
ሠ) አቦርት ኮንትሮለር፦ ማቋረጫ፤ አቦርት ሲግናል፦ የማቋረጥ ምልክት።
ረ) ጥያቄው ሳይቋረጥ መጠበቅ ሲቀር፦ ጥበቃን መተው።
ሰ) የተፈጸመን ድርጊት መመለስ፦ መሻር፤ በዚህ ቦታ ብቻ።
ሸ) ሪትራይ፦ ድጋሚ ሙከራ።

ፕሮሚስን በውሰት እንዳለ ትተነዋል፤ «ቃል» ቢባል ከሰዋስው ቃል ጋር ይደባለቃልና። በፕሮግራም ጽሑፍ ውስጥ ያሉት የትእዛዝ ስሞችም መሣሪያው የሚያውቃቸው በላቲን ፊደል እንደ ተጻፉ ብቻ ስለሆነ አይተረጎሙም፤ የሚተረጎመው ስለ እነርሱ የሚጻፈው ማብራሪያና ለተጠቃሚው የሚታየው መልእክት ነው።

ስለ መልእክቱ አንድ ናሙና እንሰጣለን። በመግቢያችን ለተጠቀሰው ገንዘብ ላኪ «ጊዜው አልፏል» በማለት ፈንታ እንዲህ ቢጻፍለት ይሻላል፦ «በ10 ሰከንድ ውስጥ ከባንኩ ምላሽ አልደረሰንም። ገንዘቡ ተልኮ ሊሆን ስለሚችል፣ እንደገና ከመላክዎ በፊት ሒሳብዎን ይመልከቱ።» ጽሑፉ ረዝሟል፤ ነገር ግን ማን እንደ ጠበቀ፣ ምን እንዳልታወቀ፣ አንባቢው ምን ማድረግ እንዳለበት ሦስቱንም ይናገራል።

ከዚህ የምናገኘው የአሠራር ደንብ ለሌሎች ሙያዊ ቃላትም ያገለግላል። አንድ የእንግሊዝኛ ስም ብዙ ድርጊቶችን ጠቅልሎ ሲመጣ ተርጓሚው አቻ ስም ከመፈለጉ በፊት ስሙን ወደ ግሥ ፈትቶ ባለቤቱንና ተሳቢውን ይጠይቅ። መልሱ ከአንድ በላይ ከሆነ ስያሜውም ከአንድ በላይ ሊሆን ይገባዋል።